ለስላሳ አሥራ ሰባት

መዝገበ ቃላት የሚጽፉ ሰዎች «በቃኝ» የሚለውን ቃል በደንብ የተረዱት አይመስለኝም። በቃኝ ማለት በቃኝ ማለት ነው ብለው ይሆናል የጻፉት። ተሳስተዋል። እስቲ እናንተ ተጋብዛችሁ «በቃኝ» ስትሉ፣ እሺ ብሎ ሳህኑን ያነሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከገጠማችሁም ያንን ቤት ዳግመኛ አልረገጣችሁትም። የመጀመሪያው በቃኝ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ሦስተኛው ላይ «አፈር ስሆን» ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ መብላት ነው።

እኔ በዚህ ሕግ አድጌ፣ በዚሁ ሕግ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነበር። ዌስትውድ አካባቢ ያሉ ሰዎች እናታቸው ምግብ አልበላ ስትል እኔን ይጠሩኛል። ማንኪያውን ይዤ «ይህችን ብቻ» እላለሁ፣ በአማርኛ። አይገባቸውም፣ ግን ይበላሉ። በእኔ እጅ ያልወፈረ ሽማግሌ የለም።

ሁሉንም ሳባብል ወገቤን ማባበል አቃተኝ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሰው ማንሳት ይብቃሽ» አለኝ፤ የእሱ ይብቃሽ ደግሞ የምር ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ሄኖክ የመጣው። ሄኖክ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ካሲኖ ውስጥ ካርታ ያድላል። ዲለር ይሉታል። «ጽጌ፣ ሰው ከምታነሺ ካርታ አንሺ። ኢንሹራንስ አለው፣ ብሬክ አለው» አለኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ቁማር ቤት? አዎ፣ ቁማር ቤት። ለመጫወት ሳይሆን የሚጫወተውን ለማስተናገድ። ችግሩም የመጣው ከማስተናገዱ ነው።

ጨዋታው ብላክጃክ ይባላል። ሃያ አንድን ሳያልፉ ወደ ሃያ አንድ መጠጋት ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም። ያለፈ ተቃጠለ። ተጫዋቹ ካርታ እንዲጨመርለት ሲፈልግ ጠረጴዛውን በጣቱ ይነካል። ሲበቃው ካርታው ላይ እጁን ያወዛውዛል። እንግዲህ ፍረዱኝ። ሳህኑ ላይ እጁን የሚያወዛውዝ ሰው እኛ ዘንድ ምን እያለ ነው? ትንሽ ለምኑኝ እያለ አይደለም?

ለመቀጠር ፈተና አለ፤ እዚያ ላይ ፈታኞቹ ራሳቸው ተጫዋች ሆነው ተቀመጡ። አንዱ ከሲታ ሰውዬ አሥራ አራት ይዞ እጁን አወዛወዘ። ከሲታነቱን ባላየው ይሻለኝ ነበር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ «ይህችን ብቻ» ብዬ አንድ ካርታ ጣል አደረግሁለት። ንጉሥ ሆነ፣ አሥር ማለት ነው። ሰውዬው ተቃጠለ፣ እኔም አብሬው ተቃጠልኩ። አለቃቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንደምሞክር፣ ያኔ ከወደቅሁ ግን ተመልሼ እንዳልመጣ በትህትና ነገረችኝ።

ሄኖክ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተናደደ። «ካሲኖ ውስጥ ጉርሻ የሚሰጠው ተጫዋቹ ነው፣ አንቺ አይደለሽም» አለኝ።

እኔ ግን ከያዝኩ አለቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ልምምድ ጀመርኩ። እትዬ አሰገደች ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት አላቸው፤ ምሳ ሰዓት አልፎ ቤቱ ጭር ሲል የጥጉን ጠረጴዛ ለቀቁልን። ተጫዋችም ራሳቸው ሆኑ። ሄኖክ ያስተምራል፣ እኔ አድላለሁ። የዲለሩ ሕግ አጭር ነው፤ አሥራ ስድስትና ከዚያ በታች ከያዘ ይጨምራል፣ አሥራ ሰባት ከደረሰ ይቆማል። ምርጫ የለውም።

እትዬ አሥራ ስምንት ይዘዋል፣ እኔ አሥራ ስድስት። ብቆም ያሸንፋሉ። ቆምኩ።

«ጨምሪ» አለ ሄኖክ።

«ለትልቅ ሰው አይቆምም እንዴ?»

«ሶ፣ ለእሳቸው ከቆምሽ ለጠላሽው ሰውስ? ለወደድሽው ቆመሽ በጠላሽው ላይ ትጨምሪያለሽ። ቤቱም አያምንሽ፣ ተጫዋቹም አያምንሽ። ሩሉ ግን ጠረጴዛው ላይ ተጽፏል፣ ሁሉም ያየዋል።»

በሚቀጥለው ዙር እኔ አሥራ ሰባት፣ እትዬ አሁንም አሥራ ስምንት። ልጨምር እጄን ስዘረጋ «ቁሚ» አለ። እያየሁ ልሸነፍ ነው? ቁማር ቤቱ እንዲህ እያየ የሚሸነፍ ከሆነ በምን ይኖራል? ሄኖክ እሱንም አስረዳኝ። ተጫዋቹ ቀድሞ ይጫወታል። ቀድሞ ከተቃጠለ አለቀለት፤ ዲለሩ በኋላ ቢቃጠል እንኳን የተቃጠለው አይመለስም። ቤቱ የሚኖረው በዚህ ነው እንጂ በእኔ ብልጠት አይደለም።

መጀመሪያ ከፋኝ። ማሽን ልታደርጉኝ ነው እንዴ አልኩ። ኋላ ግን ፒኮ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳስበው ደስ አለኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሉኝታ ተሸክሜያለሁ። ወገቤን የጎዱት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው ብላችሁ ነው? እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ማንም «ለምን አላዳላሽልኝም» ሊለኝ አይችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬን በረታሁ ቁጥር «ሕግ ነው እትዬ፣ እኔ የለሁበትም» ማለት ጀመርኩ። እሳቸውም «ጉድ ነው፣ እንዲህ ያለ ማምለጫም አለ?» ይሉኛል።

አንድ ቀን አስና ስድስት ወጣልኝ። ሄኖክ «ሶፍት ሰቨንቲን!» አለ። እትዬ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላሳፍርም ብዬ «ለስላሳ አሥራ ሰባት» ብዬ ተረጎምኩላቸው። ብድግ ብለው ማቀዝቀዣውን ከፈቱ።

«አሥራ ሰባት ለስላሳ የለኝም፣ ዘጠኝ ነው ያለኝ። ደግሞ ማን ነው ያዘዘው?»

ሄኖክ ሳቁን ጨርሶ አስረዳቸው። አስ የምትባለው ካርታ ስትፈልግ አንድ፣ ስትፈልግ አሥራ አንድ ናት። እሷ ያለችበት አሥራ ሰባት ስለማይጸና ለስላሳ ይባላል። አንዳንድ ካሲኖ ውስጥ ዲለሩ እዚያ ላይ ይቆማል፣ የእነ ሄኖክ ቤት ግን ይጨመርበታል። «እንደ ቤቱ ነው፣ እትዬ» አላቸው። «እንደ ቤቱ ነው ካልክ ገባኝ» ብለው ወደ ማዕድ ቤት ሄዱ።

የፈተናው ቀን ያው ከሲታ ሰውዬ ተቀምጧል። ይባስ ብሎ አሥራ ሁለት ይዞ እጁን አወዛወዘ። አሥራ ሁለት! እናንተ ብትሆኑ ትጨክናላችሁ? አፌ «አፈር» ብሎ ጀመረ። «ስሆን» ከማለቱ በፊት ዋጥኩት። ካርታዬን ገለጥኩ፣ አሥራ ስድስት። ብቆም አሸንፈዋለሁ፤ ሕጉ ግን ጨምሪ ይላል። ጨመርኩ፣ አሥር መጣ፣ ተቃጠልኩ። ሰውዬው በአሥራ ሁለቱ አሸነፈ። ፈገግ ብሎ በገንዘብ ምትክ ከሚጫወቱበት ቺፕ አንዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ጉርሻ መሆኑ ነው። «አይ፣ ይቅርብኝ» ልል ስል፣ ይህ ሰው ሦስቴ እንደማይለምነኝ ትዝ አለኝና አመስግኜ ተቀበልኩ። አለፍኩ።

እሁድ እትዬ አሰገደች ምሳ ጋበዙን። ሁለት ጊዜ ጨመሩልኝ፣ በላሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ጭልፋውን ይዘው ሲመጡ ግን ወሰንኩ። ከዚህ በኋላ በማንም ቤት፣ በማንም ማዕድ፣ በቃኝ ማለት በቃኝ ማለት ነው። እጄን ሳህኔ ላይ አወዛወዝኩ።

«እትዬ፣ አሥራ ሰባት ደርሻለሁ። ቆሜያለሁ» አልኳቸው።

በሕይወቴ እትዬ አሰገደች ጭልፋ ይዘው ሲመለሱ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁለት እርምጃ ሄዱ። ዞር ብለው ብርጭቆዬን አዩት።

«እሱ በግራ እጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?»

«ለስላሳ ነው» አልኩ ሳላስብ።

ሄኖክ ቀድሞ ገብቶት ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እንግዲያውስ በዚህ ቤት ይጨመርበታል» ብለው ሙሉ ጭልፋ ገለበጡልኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሕግ ነው ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ የለሁበትም።»