አጥር ላይ የተደፋች ጣሳ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሚስቱ ምን እንደምትሠራ ሲጠየቅ «ቤት ናት» የማይል ባል ካገኛችሁ እባካችሁ አሳዩኝ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። ቤት ናት የተባለችው አስናቀች ግን ቤት አትገኝም። ጠዋት እንቁላል ይዛ ትወጣለች፤ ከሰዓት የፈተለችውን ለሸማኔ ታደርሳለች፤ በመካከል ከሐሙሲት ያስመጣችውን ነጭ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ከቢሮ ስመለስ ቤት የምገኘው እኔ ነኝ። ታዲያ እኔ ሠራተኛ፣ እሷ የቤት እመቤት ተብለን እንታወቃለን። ይህን ማን እንደ ደነገገው እንጃ፤ ወንድ ሳይሆን አይቀርም።

አስናቀች አንድ ምኞት ነበራት፤ ጠላ መሸጥ። ጠላዋን የቀመሰ ሁሉ ለምን አትሸጪም ይላታል። እኔ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ! የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ጠላ ሻጭ ልትሆን? የመሥሪያ ቤት ሰው ምን ይለኛል? እንቁላሉም ሽንኩርቱም ውጭ ስለሚሸጥ አላየውም፤ ያላየሁት ነገር ደግሞ ክብሬን አይነካውም። ጠላ ግን ሰውን ግቢዬ ድረስ ይዞ ይመጣል። እምቢ ስላት ዝም አለች። ከአስናቀች ዝምታ ግን ጭቅጭቅ ይሻላል፤ ዝምታዋ መቀመጫ ያሳጣል።

አንድ ቅዳሜ እሷ ገበያ ወጣች። በዋዜማው የማኅበር ተራችን ስለነበር ከጋኑ ግማሽ ያህል ጠላ ተርፏል። ብቻዬን ተቁነጠነጥኩ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ በሩን ከፍቼ መንገዱን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። በመጨረሻ ቤታችንን ሰላም የሚያደርግ ታላቅ ሐሳብ መጣልኝ፤ ዕቃ ልጠብላት! የማኅበሩን ጣሳዎች አጥቤ መደቡ ላይ ደረደርኩ። አንዷ ቦታ ስላጣች ፀሐይ ያግኛት ብዬ በአጥሩ በር አጠገብ ካለው እንጨት ጫፍ ላይ ደፋኋት።

በእኛ አገር በር ላይ ጣሳ እንጨት ጫፍ ላይ ከተደፋ ጠላ አለ፣ ግቡ ማለት ነው። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ያን ዕለት የረሳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ፣ ሠራተኛው ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ ድንቻቸውን ሸጠው ወደ ጉና የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ገቡ። የአስናቀች ወዳጆች መስለውኝ ተነሥቼ ተቀበልኳቸው። ቅዳልን እስቲ አያ ሲሉኝ ቀዳሁ፤ እንግዳ ይመለሳል እንዴ? ባለቤቲቱ የት ሄደች አሉና ወንድ ጠላ ሲቀዳ አይተን አናውቅም ብለው ተሳሳቁብኝ። ሦስት ገበሬዎችም ተከትለው ገብተው ተቀመጡ። ለእነሱም ቀዳሁ። ወይ የሚስቴ ወዳጅ ብዛት እያልኩ ስገረም አንደኛዋ ሴት ተነሥታ ብር ዘረጋችልኝ። ምንድን ነው ይሄ ብላት፣ «እረግ! ጣሳህን አይተን አይደል የገባን?» አለችኝ።

ይኼኔ ገባኝ። ጣሳዋን ላወርድ ወደ በሩ ስሮጥ የንስሐ አባታችን እዚያው ቆመው ቀና ብለው እሷኑ ያያሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! አፌን ሳልከፍት ግንባሬን በመስቀላቸው ባረኩኝ። ለካ አስናቀች ደጀ ሰላም አግኝታቸው፣ ባሌን ያግባቡልኝ ብላ አልቅሳባቸዋለች። ሊለምኑኝ እየመጡ ነበር። «እኔ ስንት ቃል አሰናድቼ ስመጣ አንተ ቀድመህ ጣሳውን ደፋህላት! ተባረክ ልጄ!» አሉኝ። ከዚያ ገብተው አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ጋኑን ባረኩ፤ ግቢው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ልበል? ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ማልቀሷ ነው። ለእኔ ያላሳየችኝ እንባ!

በዚህ መሀል አስናቀች ዘንቢሏን ይዛ ከተፍ አለች። ሰዎቹን አየች፣ አባን አየች፣ በእጄ የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ አየች። አባም እነሆ ባልሽ ፈቀደልሽ አሏት። ፊቷ እንዲያ ሲበራ ያየሁት በሠርጋችን ቀን ነው። ጣሳዋ እንድትደርቅ ብዬ ነው እኮ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት።

አስናቀች ወደ በሩ ሄዳ ጣሳዋን አወረደች። እፎይ፣ ልትተወው ነው ብዬ ተነፈስኩ። ጓዳ ገብታ ትልቁን ጣሳ አመጣችና ያቺኛዋ ከመንገድ አትታይም ብላ እሱን ደፋችው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምቀዳውም ጣሳ የማጥበውም እኔ ነኝ፤ ጎንበስ ቀና ስል ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ባለፈው አንዲት ገበያተኛ አስናቀችን ባልሽስ ምን ይሠራል ብላ ስትጠይቃት ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አስናቀች ለመመለስ ቀና እንኳ አላለችም።

«ቤት ነው» አለቻት።