ከመቶ ሽምብራ አንዷ

[ወረታ፣ መስከረም 1957 ዓ.ም.። ፎገራ ገና ውሃ እንደተኛበት ነው። ከወረዳው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር አቶ የሻው ጠረጴዛቸውን ዘርግተዋል። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ለሰው ነገር ይሟገታሉ፣ ያልተጠየቁትንም ይመልሳሉ። ስልሳ ዓመት እስኪሞላቸው አንድ ቀን እንኳ «አላውቅም» ሲሉ የሰማቸው የለም፤ እሳቸውም በዚህ ይኮራሉ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው የመሬት ጎረቤታቸው አያልነህ ነው፣ ባለ ከብት፣ ነገር ቶሎ የማይገባው የሚባል። ልጁ ጸሐይነሽ ጎንደር አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ አዲስ አበባ ሕግ ልማር ብላ ፎርም ልካለታለች። የአባት ጣት ካላረፈበት ፎርሙ አያልፍም፤ ፖስታ የሚጭነው አውቶቡስ ደግሞ ዛሬ ከቀትር በኋላ ይነሣል። ራቅ ብለው አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ፣ መምሬ አበረ፣ ግንዱን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጠረጴዛው ላይ የሽምብራ ቆሎ ተከምሯል።]

የሻው፦ እጅህን ከሽምብራው ላይ አንሣ አልኩህ።

አያልነህ፦ ቆሎ መስሎኝ ነው።

የሻው፦ ቆሎስ ቆሎ ነው። አሁን ግን ተማሪ ነው።

አያልነህ፦ ሁሉም?

የሻው፦ መቶ ናቸው፣ ቆጥሬአቸዋለሁ። ይኸ ሁሉ ሕግ ልማር ብሎ ፎርም የሞላ ነው። ያች ጫፍ ላይ ያለችው ልጅህ ናት።

አያልነህ፦ ይችን ታህላለች?

የሻው፦ ለአዲስ አበባ ከዚህም ታንሳለች።

አያልነህ፦ ምነው ተሰነጠቀች ታዲያ?

የሻው፦ እሱ ከቆላችው ሴት እጅ ነው፣ አትያዘው። ስማኝ። ከመቶው የሚገቡት አርባ ብቻ ናቸው። [ስልሳውን በክንዳቸው ጠርገው ወደ አያልነህ ይገፋሉ] እኒህ ወደቁ።

አያልነህ፦ የወደቁትን ልብላ?

የሻው፦ አትብላ። ሰው እየነገረህ ትበላለህ?

[አያልነህ እጁን ሰበሰበ። አቶ የሻው አርባውን ያከፋፍሉ ጀመር። ይኸን ያህሉ የባለሥልጣን ልጅ፣ ይኸን ያህሉ እንግሊዝኛ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ፣ ይኸን ያህሉ አጎቱ ሚኒስቴር የሚሠራ እያሉ፣ እያንዳንዱን ክምር በጣታቸው ከበቡት። ማን እንደነገራቸው አያልነህ ቢጠይቅ፣ ማን ይነግረኛል፣ አውቀዋለሁ እንጂ አሉ።]

የሻው፦ አምስቱ የአሥመራ ናቸው። ሰባቱ ደግሞ የሐረር... የሐረሮቹ የት ሄዱ?

አያልነህ፦ የትኞቹ?

የሻው፦ እዚህ ነበሩ እኮ፣ ከክርንህ አጠገብ።

አያልነህ፦ የወደቁ መስለውኝ።

የሻው፦ በላሃቸው?

አያልነህ፦ ደኅና ተቆልተው ነበር።

የሻው፦ ሰውዬ፣ የፊታውራሪ ልጅ ነበረባቸው።

አያልነህ፦ ይቅር ይበለኝ። ልጣጩ እንደሆነ የሁሉም አንድ ነው። ታዲያ እንዲህ ከሆነ የልጄ ዕድል በሰባት ሰው ሰፋ ማለት አይደለም?

የሻው፦ አልሰፋም።

አያልነህ፦ እስኪሰፋ ስንቱን ልብላ?

የሻው፦ አያልነህ፣ ልቦና ግዛ። ይኸ የመንግሥት ነገር ነው። ሁሉንም ደምሬ ቀንሼ አይቼዋለሁ፤ የልጅህ ዕድል ከመቶ ሁለት ነው። ፎርሙ ላይ ጣትህን አታኑር። እዚሁ ባል ታግባ፣ ወይም እዚሁ ቅርብ አንበሳሜ ሄዳ ሕፃናት ታስተምር።

[እውነቱን ለመናገር አቶ የሻው ሕግ የተማረ ጎረቤት አይሹም። በውሃው ዳር፣ ከሚስታቸው አባት የወረሱት መሬት ከአያልነህ መሬት ጋር ይዋሰናል። ከሁለት ክረምት ወዲህ የአያልነህ መሬት በአርባ ርምጃ ጠብባለች፣ የእሳቸው በአርባ ርምጃ ሰፍታለች። አያልነህ እንደሆነ ሰው ሲጠይቀው ውሃው በልቷት ይሆናል ይላል እንጂ አቤት አላለም። ዝም የሚል ጎረቤት ደግሞ ለአቶ የሻው ይስማማቸዋል።]

አያልነህ፦ ሁለት ካለ እኮ ባዶ አይደለም።

የሻው፦ ሁለቱም በአፍ ፈተናው ይሄዳሉ።

አያልነህ፦ የአፍ ፈተናም አለው?

የሻው፦ እንዴታ! አንዱን ከሳሽ አንዱን ተከሳሽ አድርገው፣ ዳኛ ሰይመው ያሟግታሉ። እዚያ ላይ «አላውቅም» ያለ ከበር ይመለሳል። አንዲት ጊዜ ካለ አለቀለት።

አያልነህ፦ ምን ያለ ነገር ይጠይቃሉ?

የሻው፦ የከብት፣ የርስት፣ የወሰን።

አያልነህ፦ የወሰንም?

የሻው፦ እሱማ ከሁሉ ይከብዳል። የወሰን ድንጋይ ሲተከል ሥሩ ምልክት እንደሚቀበር ጎንደር ነግረዋታል? ምልክቱ ምን እንደሆነ ከቀበሩት ሽማግሎች በቀር ማንም እንዳያውቅ፣ ለልጅ ለሚስት እንኳ እንዳይነገር፣ በመሐላ እንደሚታሰር ነግረዋታል?

አያልነህ፦ አይነግሯትም።

የሻው፦ በቃ ወደቀች። [የተሰነጠቀችዋን ሽምብራ በጣታቸው ወደ ስልሳዎቹ ያስፈነጥሯታል]

[አያልነህ ጎንበስ ብሎ ከወደቁት መሐል ፈለጋት። አገላብጦ አገላብጦ አወጣትና፣ በእጅጌው አብሶ ወደ ቦታዋ መለሳት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።]

አያልነህ፦ አቶ የሻው፣ እንዲያው ልብዎ ከፈቀደ፣ አንድ ጊዜ ያሟግቱኝ። እኔ በእሷ ቦታ ልቁም። ለመለማመጃ ብላ ሦስት ጥያቄ ጽፋ ልካልኝ፣ ዲያቆኑ አንብቦልኝ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ከወደቅሁ ፎርሙን እዚሁ እቀደዋለሁ።

የሻው፦ [ደስታቸውን መደበቅ እያቃታቸው] እኔ ተከሳሽ እሆናለሁ። ግን በሥርዓቱ ነው። ና፣ ኩታዬን ከጋቢህ ልቋጥረው፣ እንደ ጥንቱ ቁራኛ። ዳኛ ሳይፈታን እንዳትሸሽ።

አያልነህ፦ ወዴት እሸሻለሁ።

የሻው፦ [እየቋጠሩ] ዳኛ ደግሞ ያስፈልገናል። መምሬ! እንግዳ ቢሆኑም ይፍረዱን። ለጨዋታ ነው።

መምሬ አበረ፦ [ዓይናቸውን ሳይገልጡ] ዳኝነት ጨዋታ የለውም።

የሻው፦ በእውነት ይሁን! እኔ እንደሆነ የምፈራው የለኝም።

[ችሎት የሚጠብቁ አምስት ስድስት ባላገሮች ቋጠሮውን አይተው ከበቡ። አቶ የሻው ሰው ሲበዛ ድምፃቸው ይጎላል። አያልነህ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።]

አያልነህ፦ አንደኛ። ተከሳሽ ሆይ፣ በክረምት ውሃ ከሚተኛበት መሬት የወሰኑን ድንጋይ ነቅለሃል።

የሻው፦ አልነቀልኩም! ድንጋዩ አባቶች ከተከሉበት ንቅንቅ አላለም። [ለአያልነህ ዝቅ ብለው] አየህ፣ እዚህ ላይ ልጅህ ትንተባተባለች። ምስክር የላትም። ውሃ አይመሰክርም።

አያልነህ፦ ሁለተኛ። ንቅንቅ ካላለ ሥሩ ምልክቱ አለ?

የሻው፦ ያለጥርጥር! ይቆፈር፣ ይታይ!

[ይኸን ያሉት ከልባቸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ድንጋዩን ብቻ ተሸክሞ በሄደ ነበር። አቶ የሻው ግን በዚያ ጭጋጋም ማለዳ የሥሩንም ቆፍረው፣ አንድም ሳያጎድሉ አርባ ርምጃ ወዲያ መልሰው ቀብረዋል። ለማንም የማይነገር ሥራ ሆኖባቸው ሁለት ዓመት ሲቆጫቸው ኖሯል።]

አያልነህ፦ ሦስተኛ... [ይቆማል፤ ጭንቅላቱን ያካል] ይችስ ትቅር።

የሻው፦ ምነው?

አያልነህ፦ እርስዎም ቢሆኑ አያውቋትም።

የሻው፦ ማን? እኔ?

አያልነህ፦ ምልክቱ ምንድን ነው ትላለች። ይኸማ ከየት ይታወቃል። «አላውቅም» ይበሉኝና እንለፋት፤ ነውር የለውም።

[ባላገሮቹ አቶ የሻውን አዩ። አንደኛው ትከሻውን ነቀነቀ፣ አያውቅማ እንደማለት። አቶ የሻው እንኳን ሰው ፊት፣ ብቻቸውን ሆነው ብለዋት የማያውቋትን ቃል ምላሳቸው ላይ አኖሯትና መረረቻቸው። እሷን ከመዋጥ ምስጢሩን መትፋት ቀለላቸው።]

የሻው፦ ሦስት የጋን ገል ነው! አንዱ ከነጆሮው። ከላያቸው አንድ እፍኝ ከሰል። አሁን ልጅህ ምን ትላለች? ድንጋዩ በቦታው፣ ምልክቱ በቦታው፣ ተከሳሹ ነጻ!

[መምሬ አበረ ዓይናቸውን ገለጡ።]

መምሬ አበረ፦ የማን ወሰን ነው ይኸ?

የሻው፦ የማንም አይደለም፣ መምሬ። የፈተና ወሰን ነው።

መምሬ አበረ፦ በፈተናው ገል ያለ የለም። ከሰል ያለ የለም። እኔ ግን ጣራ ገዳም ሳልወጣ፣ ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፣ በአያልነህ አባትና በአማትህ መሬት መካከል ሦስት የጋን ገል በእጄ ቀብሬአለሁ። ጋኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አንዱ ከነጆሮው ወጣ። ከሰሉንም በእፍኜ አለበስኩት። አብረውኝ የነበሩት ሁለቱ ሞተዋል። አንተ የት አየኸው?

የሻው፦ ...ሰምቼ ነው።

መምሬ አበረ፦ ከማን?

[አቶ የሻው ከአያልነህ ወደ መምሬ፣ ከመምሬ ወደ ባላገሮቹ አዩ። ምሳ ደረሰ መሰለኝ ብለው ብድግ ሲሉ ኩታቸው ያዛቸው። የቋጠሩት ራሳቸው ናቸውና አጥብቀው ነው የቋጠሩት። ተመልሰው ተቀመጡ።]

መምሬ አበረ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ነበር። ፍርዱ ይኸ ነው፤ ጥቅምት ውሃው ሲሸሽ ድንጋዩን ከነገሉ በራስህ ትከሻ ትመልሳለህ። ዋስ እስክትጠራ ቋጠሮው አይፈታም።

[ከተሰበሰበው ሰው ዋስ እሆናለሁ ያለ አልተገኘም። አያልነህ ከጉያው ፎርሙን አወጣ። ቀለሙ ያለው በአቶ የሻው በኩል ስለነበር እጁን ሲዘረጋ ቋጠሮው እሳቸውንም አብሮ ጎተታቸው። አውራ ጣቱን ነክሮ በቀስታ፣ እንዳይደበዝዝ፣ ወረቀቱ ላይ አኖረው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።]

አያልነህ፦ አቶ የሻው፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ልጅ ናት፣ አገሩ ሩቅ ነው። «መሬቴን ካስመለስሽልኝ ጣቴን አኖራለሁ፤ ካልሆነልሽ ትቀሪያለሽ» ብዬ ላክሁባት።

የሻው፦ እሷስ ምን አለች?

አያልነህ፦ «አባዬ፣ ሦስት ጥያቄ ይበቃል» ብላ ጻፈች። «መምሬ አበረን ከጣራ ገዳም አውርዳቸው። ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ አቶ የሻውን አያውቋትም በላቸው። ሌላው በራሱ ይመጣል።»

[አቶ የሻው ጠረጴዛውን ያያሉ። ከመቶው የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ ክርክሩ ሲጦፍ ባላገሮቹም እጃቸውን ሳይሰዱ አልቀሩም። የተሰነጠቀችዋ ግን አያልነህ ካኖራት ጫፍ ላይ እንዳለች ናት።]

አያልነህ፦ [ፎርሙን እያጠፈ] እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ። ዕድሏ ስንት ይሆን?

የሻው፦ አላውቅም።

አያልነህ፦ ይችን ያለ ከበር ይመለሳል ብለውኝ አልነበር?