መሪው ውስጥ ያለው ባሩድ

ማንበብ ያበራል ይባላል፤ አልከራከርም። ግን እናንተዬ፣ አንዳንድ ወረቀት ሳይነበብ ቢቀር ለጤና ይበጃል። እኔ ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ አድጌ፣ የአንድ ደህና ሰው እንቅልፍ የነሳሁት በማንበብ ነው።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ፈረንጅ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲገባ፣ በጅቡቲ በኩል የመጣች አዲስ መኪናውን ለመሥሪያ ቤታችን ትቶ ሄደ። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ቋንቋውን ከእሱ ለቃቅሜያለሁና ለሾፌራችን ለጋሽ ዩሱፍ እንዳነብለት ታዘዝኩ። ጋሽ ዩሱፍ ዋሽቶ አያውቅም። የደቻቱ ወንዝ በሞላ ማግስት አርፋጁ ሁሉ በጎርፍ ሲያሳብብ፣ እሱ ብቻ ለአለቃችን “ተኝቼ ነው” ያለ ሰው ነው።

ዘይት መቼ እንደሚቀየር አንብቤ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። መሪው መሀል፣ ከክላክሱ ክዳን ሥር፣ እንደ ነጠላ ታጥፎ የተቀመጠ የናይሎን ከረጢት አለ ይላል መጽሐፉ። ከከረጢቱ ኋላ ትንሽ ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮው ውስጥ ባሩድ ቢጤ። መኪናዋ ከፊት ስትጋጭ አንድ መሣሪያ ያንን አውቆ በሽቦ እሳት ይልካል፤ ባሩዱ ነዶ ጋዝ ይሆናል፤ ከረጢቱ ዐይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ክዳኑን ቀዶ ይነፋና የሾፌሩን ደረት ይቀበላል። ከዚያ በጀርባው ባሉት ቀዳዳዎች ተንፍሶ ይረግባል። እኔ በጥበቡ ተደነቅሁ። ጋሽ ዩሱፍ የሰማው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ባሩድ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ መንዳት ያዘ። ክላክስማ ጭራሽ አይነካም። ፍየል መንገድ ከዘጋበት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በሦስት ቋንቋ ይለምናታል። እስቃለሁ። ሳቄ ያበቃው ወደ ሁርሶ በተላክን ዕለት ነው፤ መንገዱ ላይ ኬላ እንዳለ ያስታወስኩት ኬላው ሊታየን ሲል ነበር። እዚያ የሚጠየቀው ደግሞ ፈንጂና ተቀጣጣይ ነገር ነው። ያኔ “አለ” ብሎ ከመኪና የወረደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

“ጋሽ ዩሱፍ፣ ዛሬን ብቻ የለም በል” ብዬ ለመንኩት።

“አቦ፣ አንተው አይደለህ ያነበብክልኝ? ወላሂ፣ ያለውን የለም አልልም።”

ደረስን። የኬላው ገመድ ተወጥሯል። ጠባቂው ሃምሳ አለቃ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀን።

“አለ” አለ ጋሽ ዩሱፍ። “መሪው ውስጥ።”

የሃምሳ አለቃው እጅ ወደ ጠመንጃው ሄደ። ወረድን። መጽሐፉን አውጥቼ፣ በዚያ ፀሐይ ቆሜ፣ ከቆርቆሮው እስከ ቀዳዳው አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩለት። የዘለልኩት መስመር ያሳስረናል ብዬ ፈርቼ ነጥቡንም ሳይቀር አነበብኩ። ሃምሳ አለቃው የመሪውን ክዳን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“ታዲያ ይሄ ለሾፌሩ ነው። አጠገቡ ለምትቀመጠው ላንተስ?”

ገጹን ገለጥኩ። መልሼ ገለጥኩ። “ለእኔ የለም፣ ጓድ።”

ከጫማዬ እስከ ራሴ በሐዘኔታ አየኝና ገመዱን አስፈታ። “በል፣ እግዜር ይሁንህ” አለኝ። በዚያ ዘመን የእግዜርን ስም ከደንብ ልብስ ውስጥ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሽ ዩሱፍ ለካ አጠገባችን ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ተመልሰን ስንገባ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፤ ክላክሱን ረዘም አድርጎ ነፋ። “አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው” አለኝ። ዋሽቶ አያውቅም ብያችኋለሁ። እኔ ግን ሁርሶ እስክንገባ እጄን ከዳሽቦርዱ አላነሳሁም።