ከባዶ በታች የወረደው አበቅቴ

እናንተዬ፣ ዛሬ የተዋረድኩትን ውርደት ብትሰሙ ፌስቡኬን ዘግቼ የምጠፋ ይመስላችኋል። አልጠፋም፣ ላይክ ያስፈልገኛል!

ሐይቅ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ራሴን ግን «ፕሮግራመር» ነው የምለው።

ልጅ ሆኜ የቄስ ተማሪ ነበርኩ። የኔታ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የጾምና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት ሲያስተምሩን፣ «ይሄንማ ኮምፒውተር ይሠራዋል!» ብዬ ጥያቸው ደሴ ገባሁ። ተቀየሙኝ። እውነቱን ልናገር፣ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ኮሌጅ ኪውቤዚክ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ተማርን። አስታወሳችሁት? ያ ሰማያዊ ስክሪን! በሱ ያንኑ የሸሸሁትን ስሌት ጻፍኩ። በስድስት የተለያዩ ዓመታት ቁጥር ሞከርኩት፣ አንዱንም አልሳተም። የተጻፈበትን ፍሎፒ እንደ ክታብ ይዤው ኖርኩ።

ነገ እንቁጣጣሽ ነው። የኔታ የ2005ን አጽዋማት ለምእመኑ ያውጃሉ። ዛሬ ለምኜ ሱቄ አመጣኋቸው።

«ልክ ከሆነ ነገ ከወረቀትህ አነባለሁ» አሉኝ።

የኔ ወረቀት በየኔታ አፍ! ከዚህ በላይ ምን ይቅርታ አለ?

2005 ብዬ ኢንተር መታሁ።

አበቅቴ፦ -11።

«ይቺ ሰረዝ ምንድን ናት?»

«ማይነስ ናት፣ የኔታ።»

«ማለት?»

«ከባዶ በታች።»

አበቅቴ እኮ የጨረቃ ዕድሜ ነው! የኔ ጨረቃ ገና አልተወለደችም።

የኔታ ጣታቸውን ቆጠር ቆጠር አደረጉ። «አሥራ ስምንት ነው። ዓመተ ዓለሙ፣ አምስት ሺህ አምስት መቶ ተደምሮበት፣ ለአሥራ ዘጠኝ ተካፍሎ ትርፍ ሲያጣ፣ አሥራ ዘጠኙን ራሱን ይዘህ አንድ ትቀንሳለህ፤ ከዚያ በአሥራ አንድ አባዝተህ በሠላሳ ትገድፋለህ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ ይመጣል። ያኔ ሲመጣ ነግሬያችሁ የለ? አንተዬ ያን ቀን ዓሣ ልትይዝ ወርደህ ነበር።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስታውሳሉ! እኔ ፓስወርዴን አላስታውስም።

የኔ ፕሮግራም አንዱን የቀነሰው ከባዶ ላይ ነበር፤ ላብ እያጠመቀኝ አንድ መስመር ጨመርኩ። አሥራ ስምንት! ፕሪንት አድርጌ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

አልተቀበሉኝም። «እኔስ በቃሌ አለኝ። መኪናህም ገባው። አንተስ መቼ ትመጣለህ?»

አሉኝና በሩ ላይ ቆመው መልሴን ጠበቁ። እንባዬ መጣ፣ አትሳቁ!

በበዓሉ ማግስት የኔታ ዘንድ ትምህርት እገባለሁ ብያለሁ። በሠላሳ አምስት ዓመቴ!

ወገን፣ ቦርጭ ላለው ፕሮግራመር የሚሆን አኮፋዳ የት ይገኛል?