አንድ ሜትር የጎደለው ተራራ

[ሳንክት ጋለን ከተማ፣ ስዊዘርላንድ። ደመናው ከጣራ ጣራ እየተጎተተ የካቴድራሉን ሁለት ማማ ራስ አልባ አድርጓቸዋል። ከቋሊማ መሸጫው ደጃፍ ስድሳን የተሻገሩ ወንድና ሴት ቆመው ይበላሉ። ጌብሃርድ ኡልመር ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ሮስቪታ ኦክሌ የጀልባ ሸራ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ድንበር ማዶ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ኮንስታንዝ ውስጥ፣ እሱ ሦስተኛ ፎቅ እሷ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በአንቱታ ተከባብረው ኖረዋል። ዛሬ ለሁለት ቀን ሽርሽር ወጥተዋል።]

ጌብሃርድ፦ ይመልሱት ወይዘሮ ኦክሌ። እባክዎ ወደ ቦርሳዎ ይመልሱት።

ሮስቪታ፦ ሰናፍጭ እኮ ነው አቶ ኡልመር። ሽጉጥ አላወጣሁም።

ጌብሃርድ፦ እዚህ ከተማ ሽጉጥ ይሻልዎት ነበር። የሳንክት ጋለን ቋሊማ በሰናፍጭ አይበላም።

ሮስቪታ፦ ማን ከለከለ?

ጌብሃርድ፦ ማንም አልከለከለም። ሁሉም ግን ያያል። ቋሊማው ይቀየማል ነው የሚሉት።

ሮስቪታ፦ የኔ ቋሊማ ነው፤ ሆዴ ውስጥ እንታረቃለን። [ጀርባዋን ሰጥታ ትቀባለች። ሻጩ በመስኮቱ አይቷት፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው አንገቱን ደፋ።]

ጌብሃርድ፦ በቃ፣ በሰው አገር አዋረዱን። [ከደረት ኪሱ የኪስ ሰዓት የሚመስል ክብ ነገር ያወጣል] ስድስት መቶ ሰባ።

ሮስቪታ፦ ምኑ?

ጌብሃርድ፦ ምንም።

ሮስቪታ፦ ጠዋት ከቤት ስንወጣ አራት መቶ አሉ። ባቡር ውስጥ አምስት መቶ ሃያ አሉ፤ ፊትዎም ቀላ። አሁን ስድስት መቶ ሰባ። የደም ግፊት ነው?

ጌብሃርድ፦ የአየር ግፊት ነው። ከፍታ መለኪያ ነው ወይዘሮ ኦክሌ፤ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸለመኝ።

ሮስቪታ፦ ባሌም እንዲሁ «ትንሽ አየር ነው» እያለ ነው የሞተው።

[እጇን ልትታጠብ ትሄዳለች። ጌብሃርድ ወደ ተመልካቹ ይጠጋል።]

ጌብሃርድ፦ እናንተ ፍረዱ። በኛ አገር ልማድ፣ እዚህ ታች፣ ወንድ ዘሎ ሴትን «አንቺ» አይላትም። ፈቃዱ የሷ ነው፤ እሷ ስሟን ሰጥታው፣ አብረው ጠጥተው ነው አንቱታው የሚነሳው። ወይዘሮ ኦክሌ ደግሞ በሃያ ሁለት ዓመት ፈቃድ አልሰጡኝም። ግን ተራራ አለ። ከሺህ ሜትር በላይ አንቱታ የለም፤ የባንክ ሹሙም የላም ጠባቂውም አንተ ነው፣ አንቺ ነው። ነገ ብሬገንዝ ላይ ፕፌንደር ተራራ እንወጣለን። ሺህ ሜትር ስናልፍ «አንቺ» እላታለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ፣ ጨው እንዳየች ፍየል በራሱ ይከተላል። ታገቢኛለሽ ወይ፣ እላለሁ። እምቢ ካለችኝም... እምቢ ካለችኝ ቤት እቀይራለሁ። ከታች መስኮቷን ከፍታ ስታንጎራጉር እየሰማሁ አልኖርም።

[ከሰዓት በኋላ። ወደ ሊንዳው የምትሻገር መርከብ ላይ። ሐይቁ እንደ ተተኮሰ ሐር ተዘርግቷል፤ ዝናቡ በጣቱ ጫፍ ብቻ ይነካዋል። ጌብሃርድ መለኪያውን አይቶ ተክዟል።]

ጌብሃርድ፦ ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት። ያን ሁሉ አጣን።

ሮስቪታ፦ [ቦርሳዋን ትበረብራለች] ምን አጣን? ጃንጥላው አለ። መነጽሬ አለ። ሰናፍጩም አለ።

ጌብሃርድ፦ ከፍታ ነው ያጣነው። ሳንክት ጋለን ሳለን ብዙ ቀርበን ነበር።

ሮስቪታ፦ የት ልንደርስ?

ጌብሃርድ፦ [ደንግጦ] እ... ሰማይ።

ሮስቪታ፦ [በሐዘኔታ እያየችው] ይቀመጡ አቶ ኡልመር። ከረሜላ ይምጠጡ። ሐኪሙ ምን ያህል ጊዜ ሰጠዎ?

ጌብሃርድ፦ ምን ሐኪም? ጤነኛ ነኝ። እንዲያውም ላስረዳዎት። ይህ ሐይቅ የሦስት አገር ነው፤ ሦስቱ አገሮች ደግሞ ከፍታ የሚለኩት ከሦስት የተለያዩ ባሕሮች ተነስተው ነው። ስለዚህ አንድ ተራራ በአንዱ አገር ቁጥር ከሌላው አገር ቁጥር በጥቂት ጣት ይበልጣል ወይም ያንሳል።

ሮስቪታ፦ ተራራው ያውቃል?

ጌብሃርድ፦ ምኑን?

ሮስቪታ፦ ማነሱን።

[ሮስቪታ ክንዷን መርከቡ ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ለራሷ ያህል ታንጎራጉራለች።]

ሮስቪታ፦ 
ሐይቁ ከታች ሆኖ ተራራውን ያያል፣
ስንት ዘመን አብረው መች ተነጋግረዋል።

[ጌብሃርድ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይይዛል። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መለኪያውን አየ፤ ዘጋው። ሊንዳው እንደ ደረሱ ሻንጣ ሳያሳርፍ ወደብ ላይ ያለውን የመብራት ማማ እየሮጠ ወጣ። ሠላሳ ሜትር ቢጨምር ብሎ ነው። ሲወርድ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ሮስቪታ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ታማሚ ይዛ እንደመጣች በሹክሹክታ ነግራ፣ ለሱ ምድር ቤት፣ ደረጃ የሌለው ክፍል አሰጠችው።]

[በማግስቱ ጠዋት፣ ብሬገንዝ፣ ኦስትሪያ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። የኬብል ካር ተሳፋሪዎች ተሰልፈዋል።]

ጌብሃርድ፦ ይህ አይሆንም። ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ይላል። ብሬገንዝ ሌሊቱን ሰምጣለች።

ሮስቪታ፦ ሰው ሁሉ እኮ እግሩ ደረቅ ነው።

ጌብሃርድ፦ ኦስትሪያውያን ለመንገር ያፍራሉ።

ሮስቪታ፦ ትናንት ዝናብ ነበር፣ ዛሬ ጠርቷል። ሰማይ ሲጠራ ግፊቱ ይጨምራል፤ የርስዎ መርፌም ወደ ታች ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት ሸራ ስሰፋ ባለጀልባዎቹ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ቀኑን ሲያዩ መርፌውን እንደገና ያስተካክሉታል።

ጌብሃርድ፦ [ፈገግ ብሎ] ወይዘሮ ኦክሌ፣ ሸራ ሸራ ነው፣ ሳይንስ ሳይንስ ነው። ይህ መለኪያ ስሜ ተቀርጾበታል።

[ኬብል ካሩ ይነሳል። ከተማው እንደ ተበተነ ዶቃ ከእግራቸው ስር ይቀራል። ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ ቀልደኛው ኬብል ካር ነጂ፣ ሺህ አልፈናል፣ ከዚህ ወዲያ አንቱ ያለ በእግሩ ይወርዳል ብሎ አስታወቀ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ሳቀ፤ የማይተዋወቁት አንተ አንቺ ተባባሉ፤ አንዲት መነኩሲት አንዱን የፖሊስ አዛዥ «አንተ፣ እግሬን ረገጥክ» አለችው፣ እሱም እንደ ሕፃን ደስ አለው። ሮስቪታ ቀስ ብላ ወደ ጌብሃርድ ዞረች። ጠበቀች።]

ጌብሃርድ፦ አይመኗቸው ወይዘሮ ኦክሌ። ገና ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አምስት ነው።

ሮስቪታ፦ [ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ] እርስዎ ካሉ።

[የተራራው ጫፍ። ከምግብ ቤቱ ውጪ ጠረጴዛዎች፤ ከታች ሐይቁ፣ ከላይ ሰማዩ። በአይብ የተለወሰ ትኩስ ፓስታ መጥቶላቸዋል፤ ሮስቪታ ብቻ ትበላለች።]

ጌብሃርድ፦ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

ሮስቪታ፦ ሰሌዳው ሺህ ስልሳ አራት ይላል።

ጌብሃርድ፦ ሰሌዳ ቀለም ነው። አንድ ሜትር ጎድሏል። ከጫፉ በላይ ደግሞ ጫፍ የለም። [አግዳሚው ላይ ይወጣል] ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ከግማሽ። [ጠረጴዛው ላይ ይወጣል] ሳህኑን ሳብ ያድርጉልኝ።

[አስተናጋጇ መጥታ፣ አንተ ሰውዬ ጠረጴዛው ለምግብ ነው ትለዋለች። ጌብሃርድ ከላይ ሆኖ፣ አንተ ማለቷ በጥቂት ሴንቲሜትር ሕገ ወጥ መሆኑን በትሕትና ያስረዳታል። አለቃዋን ልትጠራ ሄደች። በሌሎች ጠረጴዛዎች ያሉት ወንበራቸውን ወደነሱ አዞሩ።]

ሮስቪታ፦ አቶ ኡልመር፣ እዚያ ላይ ምን ሊያደርጉ ነው?

ጌብሃርድ፦ አንድ ነገር ልል ነው።

ሮስቪታ፦ መሬት ላይ ሆኖ አይባልም?

ጌብሃርድ፦ መሬት ላይ ነውር ነው። [መለኪያውን ይዞ እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል] ሺህ። ሺህ ገባ። አን... አን... [ነፋስ ይመጣል፤ ባርኔጣውን ሊይዝ እጁን ያወርዳል] ተመልሶ ወረደ።

[ሮስቪታ ሹካዋን ታስቀምጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ የበሽታ አለመሆኑ የገባት ይመስላል።]

ሮስቪታ፦ ልጠይቅዎ። የሕንፃችን መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፣ ያስታውሳሉ?

ጌብሃርድ፦ እንዴት አላስታውስም። የደረጃውን ዳገት የለካሁ ዕለት።

ሮስቪታ፦ ደረጃው ላይ ሁለት ብርጭቆ ይዤ መጣሁ። «ሮስቪታ እባላለሁ» አልኩዎ።

ጌብሃርድ፦ ገርሞኝ ነበር። ስምዎ በርዎ ላይ ተጽፏል።

ሮስቪታ፦ ክንዴን በክንድዎ አቆላልፌ አብረን ጠጣን።

ጌብሃርድ፦ ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሰማንያ ሴንቲሜትር። እንዳይፈስ ብለው መስሎኝ።

ሮስቪታ፦ እንዳይፈስ።

ጌብሃርድ፦ ወይን ነበራ።

ሮስቪታ፦ በማግስቱ ጠዋት በሬን ከፍቼ ስጠብቅዎት ባርኔጣዎን አወለቁና «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ኦክሌ» አሉኝ። ተጸጸተ አልኩ። ሰው ፈቃዱን ሰጥቶ መልሶ ሲወረወርበት ምን ያደርጋል? እኔም አንቱ ማለቴን ቀጠልኩ። አለቀስኩ አልልም፣ ሸራ ሰፋሁ። ባለጀልባዎቹ ግን፣ ሐይቃችን ጨው የሌለው ሐይቅ ሆኖ ያንቺ ሸራ ለምን ጨው ጨው ይላል ይሉኝ ነበር።

[ከታች ከሐይቁ የአንዲት መርከብ ድምፅ እንደ ሩቅ ዋሽንት ይመጣል። ጌብሃርድ ጠረጴዛው ላይ እንደ ቆመ መለኪያውን ያያል፣ እሷን ያያል፣ በጣቱ ይቆጥራል።]

ጌብሃርድ፦ ስለዚህ ፈቃዱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በኪሴ ነበር።

ሮስቪታ፦ በኪስዎ።

ጌብሃርድ፦ አራት መቶ ስድስት ሜትር ላይ። ሁለተኛ ፎቅ።

ሮስቪታ፦ ሳይለኩት።

ጌብሃርድ፦ እኔ አገር ለካሁ፣ ተራራ ለካሁ፣ የሰው ድንበር አስታረቅሁ። ክንዴን የያዘችኝን ሴት ግን ደረጃው ጠቦ ነው አልኩ። [መለኪያውን ዘግቶ ለአስተናጋጇ አለቃ፣ አሁን ለደረሰው ሰው፣ በእጁ ያስይዘዋል] ሮስቪታ። ታገቢኛለሽ?

[አስተናጋጇ ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሮስቪታ አፏን በጨርቅ ጠረገች፣ ተነሳች፣ እጇን ወደ ላይ ዘረጋችለት።]

ሮስቪታ፦ ውረድ።

ጌብሃርድ፦ መልሱን ሳልሰማ እንዴት እወርዳለሁ?

ሮስቪታ፦ ውረድ አልኩህ ጌብሃርድ። ቁመትህ እንዳለ ይበቃኛል።