ማንም ያላየው ጤነኛ

ሰውን ሁሉ ከሠንጠረዥ ጋር የሚያስተያይ ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ቆቦ ላይ ገጥሞኛል፤ የአእምሮ መርማሪ ነው። የሼህ ሰይድ ልጅ «አባቴ ጃጅቷል፣ መሬቱን እኔ ላስተዳድር» ብሎ ለፍርድ ቤት በማመልከቱ ሽማግሌው ለምርመራ ቀረቡ፤ እኔም እዚያው ክፍል ጥግ ተቀምጬ ነበር።

«አባባ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቋቸውን እንስሳት ይዘርዝሩልኝ።»

ሼህ ሰይድ «ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ» እያሉ ያረሱባቸውን በሬዎች ሁሉ፣ የሞቱትንም ጭምር፣ ዘረዘሩ። መርማሪው «በሬ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ።

«በሠንጠረዡ መሠረት ጤነኛ ሰው ከዚህ በላይ ይዘረዝራል።»

«ጤነኛው የማን ልጅ ነው?»

«የማንም። የብዙ ሰው አማካይ ነው።»

«መሬቴን የሚያስነጥቀኝ እሱ ነዋ!» ሽማግሌው ተነስተው በሩን ከፈቱ። «ና ግባ፣ ወንድሜ። ፊትህን ልየው።»

በሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው። መርማሪው ግን ከወንበሩ ብድግ ብሎ ለባዶው በር እጅ ነሣ።