ጋሼ ገረሱና የፍየሏ ተረት

በየሰፈሩ፣ ከሁሉ ነገር ትምህርት ካላወጣ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይታጣም። አሶሳ፣ እነ ፍሬሕይወት ሰፈር፣ ይህ ማዕረግ የክቡር አቶ ገረሱ ነው። ከወለጋ መጥተው እዚሁ ሲያስተምሩ ያረጁ ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከማስተማሩ አይደለም። ልብስ ሰፊውን ዐብዱልቃድርን መርፌ ጣቱን ቢወጋው፣ «ከዚህ ምን እንማራለን?» አሉት።

«መርፌ እንደሚወጋ ነዋ ጋሼ» አለ ጣቱን እየመጠጠ።

አመሻሽ ላይ የሰፈሩን ልጆች ደጃፋቸው ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ሰብስበው ተረት ይነግራሉ። ተረቱ አጭር፣ ትምህርቱ ረጅም ነው።

ፍሬሕይወት ሽንኩርት ነጋዴ ናት። በገበያ ቀን ልጇን ቤዚን ቤት ዘግታባት በመኪና ባምባሲ ገበያ ትሄዳለች፤ የልጅቱ አባት ካረፈ ወዲህ ሌላ መላ የላትም። አንድ ቀን ከገበያ ተመልሳ በሩን ስትከፍትላት ቤዚ ወደ ማንጎው ሮጠች፤ ፍሬሕይወትም ዘንቢሏን እንደያዘች ስትከተላት፣ ጋሼ ገረሱ ተረታቸውን እየቋጩ ነበር። ፍየሏ ለግጦሽ ወጣች፤ ጅቡ ድምፁን አቅጥኖ እናታቸውን መሰለ፤ ግልገሎቹም ከፈቱለትና በላቸው።

«ከዚህ ምን እንማራለን? እናት ቤቷን ጥላ ከሄደች፣ ጅብ አይቀርም።»

ቤዚ ዞር ብላ እናቷን አየቻት። ፍሬሕይወት ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

«ፍየሏ ካልጋጠች ወተቱ ከየት ይመጣል፣ ጋሼ?»

 ዘንቢሏን አነሳች፤ የልጇን እጅ ይዛ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ቤዚ ማንጎው ሥር አልታየችም። አቶ ገረሱ ሰላም ሲሉ ፍሬሕይወት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች። ቂም ይዛባቸው አልነበረም። ባምባሲ ሽንኩርቷን ዘርግታ እንደተቀመጠች፣ ያ የጅቡ ቀጭን ድምፅ ጆሮዋ ላይ እየመጣ አላስቀምጣት፣ ሌሊትም አላስተኛት ስላለ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ በሯን ስትከፍት፣ አቶ ገረሱ ካፖርታቸውን ደርበው ደጇ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ምነው ጋሼ፣ በሰላም ነው?»

«ስለዚያ ተረት ሳስብ ሰነበትኩ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ፍየሏ ጎረቤት አልነበራትም? ጅቡ በር ሲያንኳኳ፣ ጎረቤቷ የት ሄዶ ነው?»

 የዚያን ዕለት ግን «ከዚህ ምን እንማራለን?» አላሉም።

«ቁርሷ ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ነው» አለች ፍሬሕይወት፤ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖረችው። «ተረት ከነገሯት ግን፣ ጅብ የሌለበት ይሁን።»

የባምባሲው መኪና ከአሶሳ ሳይወጣ፣ ፍሬሕይወት ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።